በሽታውን ያመጣችው እታለማሁ አይደለችም

ኮሮና ቤቴ የገባው እኔው ጠርቼው ነው። በሬን ዘግቼ፣ መስኮቴን አስቀርቅሬ፣ አሥራ ሁለት እንግዳ ደርድሬ ነው የተቀበልኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥዬ የምቆጣባቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ሌላው ላይ የሚቆጣ ሰው መጀመሪያ የራሱን ይናገር።

ስሜ ዘነቡ ነው። የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ። የምኖረው ጉለሌ፣ ቀጨኔ፣ መኪና ከማይደርስበት ዳገት ላይ ከልጄ ከምሕረትና ከልጆቿ ጋር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ ትምህርት አምስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። እኔ በደብተር እጽፋለሁ፣ ምሕረት በኮምፒውተር ትገለብጠዋለች። የደብራችንን ስም ትቼዋለሁ። የአጥቢያው ሰው ያውቀዋል፣ ለሌላው አይጠቅመውም።

እኛ በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ጽዋ እንጠጣለን። ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ የማኅበሩ አባላት በየተራ ቤታቸው ይደግሳሉ፤ ጸሎት ይደረጋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላው በአንድ ጽዋ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። በመጨረሻ ደጋሹ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ለቀጣዩ ባለተራ ያስረክባል። ተራ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ዓመት ሙሉ ይጠብቀዋል።

በሽታው አገራችን ሲገባ ማኅበር በየቤቱ እንዳይጠጣ በዐውደ ምሕረት ተነገረ። ማኅበሩ የቆመው ደግሞ እኔ ተራ ላይ ነው። ወራት አለፉ። አንድ ቀን የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ ጋሽ ወርቁ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ "ዘነቡ፣ እንግዲህ ያንቺ ወር አልፏል፤ ሲፈቀድ ከቀጣዩ ሰው እንጀምራለን" አሉኝ።

"ጋሽ ወርቁ፣ የሁሉም ተራ ተጠብቆ የኔ ሲደርስ ነው የሚዘለለው?"

"እኔ ዘለልኩሽ? በሽታው ነው እንጂ።"

"በሽታው የኔን ተራ ለይቶ ያውቃል?"

ጋሽ ወርቁ ጭቅጭቅ የማይወዱ ገር ሰው ነበሩ። ሦስት ቀን ቤታቸው ተመላለስኩባቸው። በሦስተኛው ቀን፣ "እሺ በቃ፣ በድብቅ ይሁን" አሉኝ። እኔም ፍርድ ቤት የረታሁ ያህል ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

የድግሱ ዕለት ቤቴ ጢም ብሎ ሞላ። ደንብ አስከባሪ እንዳይሰማን በሩን ዘጋን። መስኮቱን ተነሥቶ የዘጋው የሰበካ ጉባኤው አባል አቶ ግርማ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለማውቀው አንተ ነው የምለው። "ጸሎቱ ውጭ ይሰማል" አለና ቀረቀረው። በዚህ መሀል እታለማሁ ያዘዝኳትን ጸበል በጆግ ይዛ መጣች።

እታለማሁ የደብሩ ጸበል ቤት ሠራተኛ ነበረች። ውኃውን ትቀዳለች፣ ኩባያውን ታጥባለች፣ ግቢውን ትጠርጋለች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ አጭር ሴት ናት። ያን ሰሞን ደግሞ ጀሪካንና ሳሙና አስይዘው የቤተ ክርስቲያኑ በራፍ ላይ አቁመዋት ነበር። እጁን ሳይታጠብ የሚያልፈውን ስለምትመልስ ሴቶቹ "ፖሊሷ" ይሏታል። ደፉ ላይ ቆማ ውስጡን አየችና፣ "እማማ፣ መስኮቱን እንኳ ይክፈቱት እንጂ" አለችኝ።

"አንቺ ሳሙናሽን ጠብቂ" አልኳት።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷም ጆጉን አስቀምጣ ሄደች። ጽዋው ዞረ። ሁላችንም ጠጣን።

በሳምንቱ ሽንኩርት እያቁላላሁ ቆሜ ምሕረት ከግቢ እየሮጠች ገባች። "እማዬ፣ ድስቱ እኮ አርሮ ጎረቤት ሁሉ ሸቷል" አለችኝ። አጠገቡ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም። ጉንፋን ነው አልኩ። በማግሥቱ ወገቤን በዱላ የደበደቡኝ ያህል ተሰማኝ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ደረቅ ሳል።

አዲሱ ገበያ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከጥዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለው ሰው ስስል ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረ። ደም ወሰዱ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል፣ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብዎት" አለኝ። ሳሉንስ ስለው "የአየሩ ነው" አለ። ኪኒኑን አምስት ቀን ዋጥኩ፤ ባሰብኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራዬ ወደ ላይ እየገፋ ደረቴን እንደያዘው ነገረኝና ሽሮፕ ሰጠኝ። እዚህ ላይ እናደዳለሁ። ዕድሜዬን ጠየቁኝ፣ ስልኬን ጠየቁኝ፤ ሰሞኑን ከማን ጋር እንደዋልኩ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ይሁንና ቢጠይቁኝም እዋሻቸው ነበር። ስለዚህ እናንተ ስትታመሙ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት እንደነበራችሁ ንገሩት። የሚያሳፍራችሁን ነገር ቀድማችሁ ንገሩት።

በዘጠነኛው ቀን ትንፋሽ አጠረኝ። ከአልጋ ተነሥቼ በሩ ድረስ መሄድ አቃተኝ። የግቢው ሰዎች ይህን ሲያዩ የጋራ መጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ቀየሩት። ሃያ ዓመት አብሬአቸው የኖርኩ ሰዎች ናቸው። ምሕረት ወደ ዕድሩ ደወለች፤ ሰዎች ልከው እስከ አስፋልቱ እንዲያወርዱኝ ለመነቻቸው። "የዕድሩ ደንብ ለቀብር ነው፤ ለበሽተኛ ደንብ የለንም" አሏት። አሥራ ሁለቱ የማኅበር ሰዎችም ስልክ አላነሱም። ግማሾቹ ራሳቸው ታመው ነበር፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

የመጣችው እታለማሁ ናት። ማን እንደነገራት አላውቅም። ማስኳን አድርጋ ገባች፣ መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተች፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጭ አለች። ምሕረት በጋቢ አሰረችኝ። አሮጊት ሴት እንደ ሕፃን ታዝዬ ያን ቁልቁለት ወረድኩ።

"እማማ፣ አንገቴን አጥብቀው ይያዙ። ከለቀቁኝ ሁለታችንም ወንዝ ውስጥ ነን።"

"ከበድኩሽ?"

"ከጀሪካን አይብሱም። ጀሪካን ግን አያወራም፤ ዝም ይበሉ፣ ትንፋሽዎን አይጨርሱ።"

አስፋልቱ ላይ ሁለት ላዳዎች አይተውን መስታወታቸውን ዘግተው ሄዱ። ሦስተኛው ቆመ። ሆስፒታሉ ግቢ ድንኳን ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆነን አልጋ እስኪገኝ ጠበቅን። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ነገር ጣቴ ላይ አደረጉ፤ በደም ውስጥ ያለውን አየር የሚለካ ነው አሉ። ነርሷ ቁጥሩን እንዳየች ዶክተሩን ጠራች። አፍንጫዬ ውስጥ እንጨት ከተው መረመሩኝ፤ ኮሮና ሆነ። ከዚያ በር ላይ ምሕረትንና እታለማሁን መለሷቸው፤ እኔን አስገቡኝ።

ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አልጽፍም። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ከእግር እስከ ራሳቸው ፕላስቲክ ስለለበሱ ፊታቸው አይታይም፤ ስማቸውን ደረታቸው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ሄለን የሚል የተጻፈባት አንዲት ነርስ በሆዴ ገልብጣ ታስተኛኝና እስክረጋጋ ድረስ እጄን ይዛ ትቆም ነበር። ከጎኔ የተኛችው አዲሱ ገበያ ሱቅ ያላት ዘሃራ የምትባል ሴት ናት፤ ልጆቿ የላኩላትን ቴምር ለሁለት ከፍላ ታቀብለኛለች፣ ሁለታችንም ምንም ሳይጣፍጠን እንበላለን። ፍርሃቱ የሚመጣው የኦክስጅኑ ሲሊንደር ሲቀየር ነበር። ሽሽ የሚለው ድምፅ ሲቆም ክፍሉ በሙሉ ዓይኑን ገልጦ ይጠብቃል። እንደገና እስኪጀምር ድረስ ያለችው ጊዜ ረጅም ናት። ዘሃራ ዳነች። በሌላ በኩል የነበረችው ሴት አልዳነችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣሁ። ከግድግዳ ግድግዳ እየያዝኩ ነው የምራመደው። ቤት ስደርስ ምሕረት ጋሽ ወርቁ እንደሞቱ ነገረችኝ። ከማኅበሩ አምስት ሰው ታሞ ነበር፤ አንድ እሳቸው አልተነሡም። ቀባሪያቸው በጣት የሚቆጠር ነበር አለች።

አለቀስኩ። ከዚያ የባሰው መጣ።

"በሽታውን ያመጣችው እታለማሁ ናት እየተባለ ነው" አለችኝ። "በጸበል ኩባያ ነው ያስተላለፈችው ተብሎ ከጸበል ቤቱ አንሥተዋታል። አሁን ሽንት ቤት ነው የምትጠርገው።"

"ማን አለ?"

"አቶ ግርማ ነው ለሰበካ ጉባኤው ያመለከተው አሉ። በሽተኛ አዝላ ሄዳለች፣ ከዚያ መጥታ ኩባያ ነክታለች ብሎ።"

ያዘለችው በሽተኛ እኔ ነኝ። እኔን ስታዝል ደግሞ የማኅበሩ ሰዎች ታመው ተኝተው ነበር። ቀኑን የቆጠረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ግርማ ግን በድብቅ ማኅበር መጠጣቱ እንዳይወጣበት ፈልጎ ነው፤ እሷን ደግሞ የሚጠይቅላት ሰው የለም።

"ነገ ሄጄ እናገራለሁ" አልኩ።

ምሕረት በሩን ዘግታ ፊቴ ቆመች። "እማዬ፣ ስትናገሪ ጋሽ ወርቁን ማን ገደላቸው ይባላል? እትዬ አስካለ ባሏን ገና መቅበሯ ነው። ልጆቼን ይዤ የምኖረው እዚህ ግቢ ነው። ሽንት ቤቱን ገና ትናንት ነው የከፈቱልን።"

አልሄድኩም። መጀመሪያ ጉልበቴ እስኪመለስ አልኩ። ከዚያ ጾሙ እስኪያልፍ አልኩ። ከዚያ የጋሽ ወርቁ ሙት ዓመት እስኪወጣ አልኩ። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ስግደት ሰጡኝና፣ "ሄደሽ ልጅቱን ይቅርታ ጠይቂያት፣ ስሟንም መልሺላት" አሉኝ። በዚያ ሳንባዬ እየቆምኩ እያረፍኩ ስግደቱን ጨረስኩት። ሁለተኛውን ግን አላደረግሁም። ስግደቱ የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን እታለማሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ልብሴን ታጥብልኝ ነበር። አጥሚት ትሠራልኝ፣ ከቤት እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ መታጠፊያው እያቆመች ታራምደኝ ነበር። ስለ ጸበል ቤቱ አንድ ቀን አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። ዳንኩ። አሁን ዳገቱን ሁለት ጊዜ አርፌ እወጣዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ወር የደብራችን አስተዳዳሪ ወደ ሌላ ደብር ተዛወሩ፣ ጸሐፊውም ጡረታ ወጡ። ሰበካ ጉባኤው "በወረርሽኙ ዘመን መንጋውን ለጠበቁ አገልጋዮች" ብሎ በአዳራሹ የምስጋናና የሽኝት ፕሮግራም አዘጋጀ። ሊቀ መንበሩ አሁን ግርማ ነው። በዚያው ሳምንት እታለማሁም ደብረ ብርሃን እኅቷ ጋ ልትሄድ ነበር፤ ጉልበቷ ዳገቱን እምቢ ብሏል። ይህን ስለማውቅ ቀድሜ ግርማን ጠየቅሁት።

"እታለማሁስ?"

"እማማ፣ እሷ ጊዜያዊ ናት። ሽኝቱ የሚመለከተው ቋሚ ሠራተኛን ነው።"

"አሥራ አንድ ዓመት ጊዜያዊ?"

"ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ምን ላድርግ?" ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ደግሞ ያ የጸበል ቤቱ ነገር አለ። ሰው ረስቶታል። ስሟን ባናነሣው ለራሷም ይሻላታል" አለኝ።

ለራሷ ይሻላታል አለኝ። እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። የተቆጣሁት በሱ ብቻ አይደለም። እኔም ያን ሁሉ ዓመት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህንኑ ነው። ከሱ አፍ ስሰማው ግን ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ አወቅሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ለአስተዳዳሪው ካባ አለበሱ፣ ለጸሐፊው ሥዕል ሰጡ። አልነፍጋቸውም፤ ጸሐፊው ሙታንን ሲመዘግቡ እያለቀሱ እንደነበር አውቃለሁ። ግርማ ወረቀት አነበበ፤ በር ላይ እጅ ማስታጠቡን ሳይቀር ሰበካ ጉባኤው እንደሠራው አድርጎ አነበበው። ያን ጀሪካን የተሸከመችው ሴት ከኋላ በር አጠገብ መሶብ ይዛ ዳቦ ታድላለች።

እጄን አወጣሁ። "እማማ፣ ሰዓት የለንም፣ ወደ ጸሎቱ ልንገባ ነው" አለ። ቢሆንም ተነሣሁ።

"ከጸሎቱ በፊት የሚነገር አለ" አልኩ። "ያኔ በሽታው የተሠራጨው ከጸበል ኩባያ አይደለም። እኔ ቤት ነው። ተራዬ ተዘለለ ብዬ ጋሽ ወርቁን አስገድጄ፣ ተደብቀን ጽዋ ጠጥተን ነው። እታለማሁ አልጠጣችም። መስኮት ክፈቱ ብላ መከረችን፤ ሳቅንባት። እኔን ያዘለችኝ እኛ ከታመምን በኋላ ነው። የተቀጣችው ግን እሷ ናት።"

ግርማ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "እማማ ያኔ በጣም ታመው ነበር፤ በሽታው የማስታወስ ችሎታን እንደሚነካ ሐኪሞችም ይናገራሉ።"

"መስኮቱን ማን እንደዘጋው ግን አስታውሳለሁ። አንተ ነህ፣ ግርማ።"

አስተዳዳሪው አዲሱን ካባ እንደለበሱ ወደሱ ዞሩና፣ "አቶ ግርማ፣ እውነት ነው?" አሉት። ግርማ ወረቀቱን አጠፈው፣ እንደገና ዘረጋው። "ያኔ ሁላችንም ደንግጠን ነበር፣ አባታችን" አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው የጋሽ ወርቁ ሚስት አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላነጋገረችኝም። መብቷ ነው። ደጇ ላይ ሁለት ጊዜ ሄጄ አልተከፈተልኝም፤ ሦስተኛ እሄዳለሁ።

እታለማሁን ፈለግኋት፤ በሩ አጠገብ የለችም። ወጥቼ ተከተልኳት። ጸበል ቤቱ ጀርባ ባዶውን መሶብ እያራገፈች አገኘኋት።

"ለምን ወጣሽ?" አልኳት።

"ዳቦው አልቆ ነው።"

"እታለማሁ።"

መሶቡን አስቀመጠችው። "እማማ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አውቅ ነበር። እርስዎም ያውቁ ነበር። ሽንት ቤት ስጠርግ ባጠገቤ ሲያልፉ እንዴት አደርሽ ይሉኛል። አንድ ቀን ግን 'እሷ አይደለችም' አላሉም።"

"ፈርቼ ነው።"

"እኔስ አልፈራሁም? ደረትዎ ጀርባዬ ላይ ሲያፏጭ እየሰማሁ ያን ዳገት ስወርድ?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "አሁን ጓዜን ከጠቀለልኩ በኋላ ስሜን ቢያጥቡልኝ የት ልልበሰው?"

ጉልበቷን ልስም ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። "ጉልበቴን ይተዉት፣ ያመኛል" አለች። "ይቅርታውን አስቤበት እነግርዎታለሁ። ዛሬ የሰማው አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ነው። ከእጄ ጸበል አልቀበልም ያለኝ ግን የአጥቢያው ሰው ሁሉ ነው። ለዚያ ሰው ማን ይነግረዋል?"

ማክሰኞ ሄደች። ምሕረት ሻንጣዋን ተሸክማ ሸኘቻት። ቤት ስትመለስ ደብተር ይዛልኝ መጣች፤ ምንም አላለችኝም፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ።

ትናንት ለእታለማሁ ደወልኩላትና እስከዚህ ድረስ ያለውን በስልክ አነበብኩላት። ስጨርስ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አለሽ?" አልኳት።

"አለሁ" አለች። "እማማ፣ ቀጨኔ ውስጥ እታለማሁ የሚባል ሰው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? የአባቴን ስም ይጨምሩበት እንጂ።"

እታለማሁ ተክሌ ትባላለች።